«የዞረ ድምር» እስከ 15 ዓመት ያሳስራል!

«ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» ይላል የሀገሬ ሰው። እኔ ግን ዛሬ የምጽፈው ጉድ ሰምቼ ሳይሆን ራሴው ጉዱ ውስጥ ስለነበርኩ ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ልጽፈው እያልኩ ብዕሬን አንስቼ መልሼ አስቀምጬዋለሁ። የጓደኛን ገመና አደባባይ ማውጣት መስሎ ታየኝ። ባለፈው ሳምንት ሰኞ ጠዋት ግን ሚኒባስ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ሳለ ሹፌሩ ረዳቱን «ትናንት ስንጨልጥ ነው ያደርነው፣ ዞሮብኛል ባክህ» ሲለው ሰማሁ። ረዳቱ ሳቀ። ከኋላ የተቀመጡት ተሳፋሪዎችም ሳቁ። አንዱ እንዲያውም «ማርከሻ አንድ ቢራ በለው!» ብሎ መከረው። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። «ወራጅ አለ» ብዬ ወርጄ በእግሬ ሄድኩ። የዚያኑ ዕለት ማታ ይህን ጽሑፍ ጀመርኩ።

«የዞረ ድምር» የሚለው ቃል የሒሳብ ሠራተኞች ነው። ከአንዱ ገጽ ግርጌ ያለው ድምር ወደሚቀጥለው ገጽ አናት ሲዘዋወር የሚሰጠው ስም ነው። የመጠጥ ቤት ሰው ወስዶ ለማግስቱ ራስ ምታት ሰጠው። ከዚህ የተሻለ ስም የሚገኝለት አይመስለኝም። ምክንያቱም ማታ የጠጣነው ሒሳብ አልተዘጋም፤ ጠዋት ላይ ዞሯል። እኛ ግን «ተኝቼ ተነሳሁ፣ ሒሳቡ ተዘጋ» ብለን መሪ እንጨብጣለን። ሕጉ ደግሞ ስለ እንቅልፍ አይጠይቅም፤ የሚጠይቀው በደምህ ውስጥ ምን አለ ብሎ ነው።

የሰኞ ጠዋቱ ነገር

ጊዜው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ወሩ ጥር፣ የሰርግ ወቅት ነው። የሰፈራችን ልጅ እሁድ ዕለት ተሞሸረ። ጓደኛዬ (ስሙን አልጠራም) የሚኒባስ ሹፌር ነው። አብሮ አደጌ ነው፤ አንድ ሰፈር ኳስ ተጫውተናል፣ አንድ ትምህርት ቤት ተምረናል። ሰካራም አልነበረም። በሳምንት አንድ ቀን፣ ያውም ካርታ ጨዋታ ካለ፣ ሁለት ቢራ የሚጠጣ ሰው ነው። ያን ዕለት ግን ሰርግ ነው፤ ጓደኛችን ነው የሚዳረው። ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ የጀመርነው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ቆመ። እሱ ወደ አሥር ጠርሙስ ቢራ ሳይጠጣ አልቀረም። የመጨረሻዎቹን ሁለቱን የቀዳሁለት እኔ ነኝ። «ዛሬ ያልጠጣህ መቼ ልትጠጣ ነው?» ያልኩትም እኔ ነኝ።

መኪና አልነዳም። ይኼን ልብ በሉልኝ። ልጁ ጠንቃቃ ነበር፤ «ጠጥቼ አልነዳም» ብሎ ሚኒባሷን ሰፈር አቁሞ ነው የመጣው። ስንለያይ ግን «ነገ ሰኞ ነው፣ ገቢ ማስገባት አለብኝ፣ እባክህ 11 ተኩል ላይ ደውለህ ቀስቅሰኝ» አለኝ። አንባቢ እንደሚያውቀው የሚኒባስ ሹፌር የቀን ገቢ ለባለንብረቱ ያስገባል። ነዳጁን ችሎ፣ የረዳቱን ከፍሎ፣ የባለንብረቱን አስገብቶ የተረፈችው ናት የሱ። ሰኞ ጠዋት ደግሞ ሠራተኛው፣ ተማሪው፣ ሁሉም የሚወጣበት ነው። ሰኞ ጠዋት የቀረ ሹፌር ሳምንቱን ከስሮ ጀመረ ማለት ነው።

ደወልኩለት። ሦስት ጊዜ ጠርቶ አላነሳም፤ በአራተኛው አነሳ። «ተነሥ አንተ፣ ነግቷል» አልኩት። «ደህና ነህ?» ብዬም ጠይቄዋለሁ። «ትንሽ ዞሮብኛል እንጂ ደህና ነኝ፣ ቡና ጠጥቼ እወጣለሁ» አለ። እኔም ተመልሼ ተኛሁ።

12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ገና ጎህ ሲቀድ፣ አስፋልት ዳር ስትጠርግ የነበረች አንዲት የመንገድ ጽዳት ሠራተኛ ገጨ። ሰዓቱ ሰዓቷ ነው። ከተማው ሳይነሳ መጥረጊያዋን ይዛ የምትወጣ፣ እኛ ቢሮ ስንገባ አስፋልቱን አጽድታ የምትጨርስ እናት ናት። የምታንጸባርቅ ሰደርያ ለብሳለች። ረዳቱ በኋላ እንደነገረኝ «እያያት ነበር፣ ግን እግሩ ፍሬን ላይ እስኪደርስ ዘገየ»። ሆስፒታል ሳትደርስ አረፈች።

አልሸሸም። ወርዶ አቅፏት አለቀሰ። ፖሊስ ይዞት ሄደ፤ ጠዋት 2 ሰዓት ገደማ ተመረመረ። የአልኮሉ መጠን ከገደቡ በላይ ሆኖ ተገኘ። እሱ ራሱ ማመን አቃተው። «ተኝቼ ነው እኮ የመጣሁት! ከሌሊቱ 7 ሰዓት ጀምሮ አንድ ጠብታ አልቀመስኩም!» እያለ ይምላል። እውነቱን ነው። መሣሪያውም እውነቱን ነው። ሁለቱም እውነት የሚሆኑት እንዴት ነው የሚለውን ነው እንግዲህ ማንም ያላስተማረን።

ሒሳቡን እንሥራው

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ፤ ሐኪሞችንም ጠይቄያለሁ። ነገሩ የመደመርና የመቀነስ ሒሳብ ነው።

አንድ የተለመደ 330 ሚሊ ሊትር ቢራ፣ አልኮሉ 5 በመቶ ከሆነ፣ ወደ 13 ግራም ንጹሕ አልኮል አለው። 70 ኪሎ የሚመዝን ወንድ አንድ ጠርሙስ ሲጠጣ በእያንዳንዱ ሊትር ደሙ ውስጥ በግምት 0.27 ግራም ይጨመርበታል። አሥር ጠርሙስ ወደ 2.7 ግራም ማለት ነው። ጉበት ደግሞ በሰዓት የሚያቃጥለው በአማካይ 0.15 ግራም ብቻ ነው። አንዱ ሰው ትንሽ ይፈጥናል፣ ሌላው ትንሽ ይዘገያል እንጂ ጉበት እንደ ጀነሬተር «ጋዝ ስጠው» ቢሉት የሚፈጥን ነገር አይደለም።

አሁን ቀንሱ። ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል አሥር ሰዓት ተኩል ነው። በ0.15 ስናባዛው 1.6 ገደማ ወጣ። 2.7 ላይ 1.6 ሲቀነስ 1.1 ይቀራል። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ 0.9 ገደማ ይሆናል። ሙሉ በሙሉ ንጹሕ የሚሆነው መቼ ነው? ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ! ማለትም ሰኞ ምሳውን በልቶ ቡና እስኪጠጣ ድረስ የእሁድ ሰርግ ደሙ ውስጥ ነው።

ሴት ከሆነች፣ ኪሎው ያነሰ ሰው ከሆነ፣ ባዶ ሆዱን የጠጣ ከሆነ ሒሳቡ ይብሳል። ጠላ፣ ጠጅና አረቄ ከሆነ ደግሞ ጭራሽ መቁጠር አይቻልም። የቤት ጠጅ ጥንካሬው በጣይዋ እጅ ነው፤ ብርሌው ላይ በመቶ ስንት እንደሆነ የተጻፈ ነገር የለም። ጠንከር ያለች አንዲት መለኪያ አረቄ ከአንድ ጠርሙስ ቢራ አታንስም፤ ሰው ግን «አንዲት መለኪያ ብቻ!» እያለ ስድስት ይገለብጣል።

ቡናስ? ቡና እንቅልፍ ያባርራል እንጂ አልኮል አያባርርም። ነቅቶ የሰከረ ሰው ታገኛላችሁ። ቀዝቃዛ ሻወርም ያው ነው። ዱለቱም፣ ተልባውም፣ ትኩስ ሾርባውም ሆድ ይጠግን ይሆናል፤ ደም ውስጥ ያለውን ግን ከሰዓት በቀር የሚያወጣው የለም። «ማርከሻ» የምትባለዋ የጠዋት ቢራ ደግሞ የዞረው ድምር ላይ አዲስ ቁጥር የምትጨምር ናት።

ይኼ ብቻ ቢሆን ጥሩ ነበር። በኔዘርላንድ የኡትሬክት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2014 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት አልኮሉ ከደማቸው ካለቀ በኋላም የዞረባቸው ሰዎችን በማስመሰያ መኪና ላይ አስነድተው ነበር። መኪናዋ ከመስመር መስመር ዋለለች፤ የሹፌሮቹም ሐሳብ በየመሀሉ ይጠፋ ነበር። ስለዚህ መሣሪያው ዜሮ ቢልም እግር ፍሬን ላይ በሰዓቱ ይደርሳል ማለት አይደለም።

ሕጉ ምን ይላል?

ከግንቦት 1997 ዓ.ም. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 ሦስት ደረጃ አለው። ሹፌር የሆነ ሁሉ በቃሉ ሊያውቀው ይገባ ነበር፤ የሚያውቀው ግን ፍርድ ቤት የቆመው ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ደረጃ ማንም ሰው በቸልተኝነት ሰው ከገደለ ነው፤ ከ6 ወር እስከ 3 ዓመት ቀላል እስራት ወይም መቀጮ። ሁለተኛው ሙያው ወይም ሥራው የሌላውን ሕይወት እንዲጠብቅ ግዴታ የጣለበት ሰው ነው፤ ሐኪምም ሹፌርም እዚህ ውስጥ ናቸው። ከ1 እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራትና መቀጮ። ሦስተኛው ከባድ ነው። ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የገደለ፣ ወይም ግልጽ የሆነ ደንብ ሆን ብሎ የጣሰ፣ ወይም ዕፅና አልኮል ወስዶ ራሱን ኃላፊነት ሊሸከም በማይችልበት ሁኔታ ውስጥ ያስገባ ከሆነ ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት፣ ከ10 ሺህ እስከ 15 ሺህ ብር መቀጮ።

እንግዲህ አስተውሉ። ያቺው መንገድ፣ ያቺው ሟች፣ ያው ሹፌር። አልኮል ከሌለ ጣሪያው 5 ዓመት ነው። አልኮል ካለ 5 ዓመት ጣሪያ መሆኑ ቀርቶ ወለል ይሆናል! «ማታ ነው ወይስ ጠዋት የጠጣኸው?» የሚል ቃል አንቀጹ ውስጥ የለም።

ገደቡን በተመለከተ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው የመንገድ ደኅንነት ሪፖርት የኢትዮጵያን ገደብ በ100 ሚሊ ሊትር ደም 0.08 ግራም፣ ማለትም በሊትር 0.8 ግራም ብሎ መዝግቦታል። ድርጅቱ ራሱ የሚመክረው ከ0.05 እንዳይበልጥ፣ ለወጣትና ለጀማሪ ሹፌር ደግሞ ከ0.02 እንዳይበልጥ ነው። በሌላ አነጋገር የእኛ ገደብ ለጋስ ነው። ጓደኛዬ በዚህ ለጋስ ገደብ እንኳ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ወደቀ።

ዐቃቤ ሕግ በ543 ሦስተኛው ንዑስ አንቀጽ ከሰሰው። ክሱ ከባድ ነው፣ ሰውም ሞቷል ተብሎ ዋስትና ተከለከለ። ጠበቃው የተከራከረው ጥሩ ክርክር ነው፤ እኔም ችሎት ቁጭ ብዬ ሰምቻለሁ። «ደንበኛዬ የጠጣው መኪና ሊነዳ አይደለም። እንዲያውም ላለመንዳት መኪናውን ሰፈር ትቶ ሄዷል። ተኝቷል። ጠዋት የነዳው አልኮሉ ወጥቷል ብሎ በቅን ልቦና አምኖ ነው። ይህ ሰው ራሱን ሆን ብሎ ኃላፊነት በማይሸከምበት ሁኔታ ውስጥ አስገብቷል ሊባል አይገባም፤ ሁለተኛው ንዑስ አንቀጽ ነው የሚመለከተው» አለ። ዐቃቤ ሕጉም መለሰ፤ «ተከሳሹ የሕዝብ ማመላለሻ ሹፌር ነው። ሦስት ሰዓት ተኩል ብቻ ተኝቶ፣ 'ዞሮብኛል' እያለ ነው መሪ የጨበጠው። 'ዞሮብኛል' ማለት አውቃለሁ ማለት ነው።»

«ዞሮብኛል» የሚለውን ቃል ለፖሊስ የነገርኩት እኔ ነኝ። ምስክርነት ተጠርቼ ምን ልበል? ዋሽቼ ልማል? እውነቱን ተናገርኩ። ሰባት ዓመት ጽኑ እስራት ተፈረደበት።

ካሳው

ቅጣቱ እስራቱ ብቻ አይደለም። መንጃ ፈቃዱ ሄደ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት፣ ሹፌሩ ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ፣ ተጠያቂ ነው ስለሚል ባለንብረቱም ፍርድ ቤት ተጎተተ። «የቀን ገቢ አምጣ» ሲል የነበረ ሰው የዚያን ቀን ዕዳ አብሮ ተሸከመ። የመኪና ኢንሹራንስ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ውላችሁን አውጥታችሁ አንብቡ፤ የሙሉ ዋስትና ውሎች አብዛኛውን ጊዜ ሹፌሩ ጠጥቶ ከሆነ አንከፍልም የሚል አንቀጽ በትንንሽ ፊደል አላቸው። ያም አንቀጽ «ማታ» የሚል ቃል የለውም።

የሟች ልጅ 10ኛ ክፍል ናት። በየቀጠሮው ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ትመጣ ነበር። ስለ ሦስተኛ ወገን መድን በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ሲደነገግ ለአንድ ሰው ሞት ያስቀመጠው ከፍተኛ ካሳ 40 ሺህ ብር ነበር። ለንብረት ጉዳት ደግሞ እስከ 100 ሺህ ብር። አንብቤ ማመን አቃተኝ። የተገጨ መኪና ከተገጨች እናት በላይ ያወጣል ብለው አጨብጭበው ያጸደቁት የሕዝብ ተወካዮች ናቸው! የትኛውን ሕዝብ እንደወከሉ ግን እነሱ ይንገሩን።

መንግሥትስ የት ነበር?

እዚህ ላይ «ጓደኛህን ነፃ ልታወጣ ነው» የሚለኝ አንባቢ ይኖራል። አይደለም። ጓደኛዬ ጥፋተኛ ነው። እሱም አምኗል። እኔም የራሴ ድርሻ አለኝ፤ ቀድቻለሁ፣ ቀስቅሻለሁ። ግን አንድ ነገር እጠይቃለሁ። የማያስተምር መንግሥት እንዴት ቀጪ ብቻ ይሆናል?

መንጃ ፈቃድ ስናወጣ ስለ አልኮል የተማርነው «ጠጥቶ መንዳት ክልክል ነው» የምትል አንዲት መስመር ናት። ስለ ማግስቱ የነገረን ማነው? አዲስ አበባ ከ2015 እስከ 2019 እ.ኤ.አ. በብሉምበርግ በጎ አድራጎት ድርጅት የመንገድ ደኅንነት ፕሮግራም ከታቀፉት አሥር ከተሞች አንዷ ነበረች። ሥልጠናው ተሰጠ፣ የትንፋሽ መመርመሪያም ለከተማችን ጎዳና እንግዳ መሆኑ ቀረ። ሰናይ ነው። ግን እኔ እስከማየው መሣሪያው የሚወጣው ዓርብና ቅዳሜ ማታ ጭፈራ ቤቶች አካባቢ ነው። ሰኞ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ አሥራ ምናምን ሰው የጫነ ሚኒባስ ከተራ ሲወጣ፣ ማን ነፋ? የፋሲካ ማግስት ጠዋት ክፍለ ሀገር የሚወጣውን አውቶቡስ ሹፌር ማን መረመረ? በዓል በመጣ ቁጥር «እርጋታ አይለያችሁ» የሚል መግለጫ በቴሌቪዥን ማንበብ ሥራ መሥራት አይደለም።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን እንዲወጣ አደረገ፤ መጠጥ ለመሸጥ የሚፈቀደውንም ዕድሜ 21 አደረሰ። ጥሩ እርምጃ ነው፤ ጥሩውን ጥሩ ማለት ነውር አይደለም። ማስታወቂያው በወጣበት ባዶ ቦታ ላይ ግን ማስተማሪያ አልገባም። ዝም ተባለ።

የትራፊክ ፖሊስ ባልደረቦችን በጅምላ ልወቅስ አልፈልግም። ፀሐይና ዝናብ ሲፈራረቅባቸው የሚውሉ፣ መኪና የሚገጫቸው ሰዎች ናቸው። ግን እስቲ እውነቱን እንነጋገር። ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ጥቁር መስታወት ያለው ቪ-ኤይት አስቁሞ «ይንፉ፣ ጌታዬ» ያለ ትራፊክ ፖሊስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። ውስኪ ከቢራ የቀለለ ነው እንዴ? የትልልቅ ሆቴሎች እራት ግብዣ ላይ የሚጠጣው ጉበት ውስጥ ሲገባ ሥልጣኑን አይቶ ይፈጥናል? ሚኒባሱን አስቁሞ የመንግሥት ሰሌዳውን በሰላምታ የሚያሳልፍ ቁጥጥር ሕግ ማስከበር ሳይሆን ድሀ ማስከበር ነው። ጓደኛዬ ሲታሰር ያለቀስኩት ስለታሰረ አልነበረም። ያን ዕለት ጠዋት በከተማው ውስጥ እንደሱ ዞሮበት የነዳ ስንት ሰው እንዳለ፣ ከነሱም ስንቱ በእድል፣ ስንቱ ደግሞ በሰሌዳው እንዳመለጠ ሳስብ ነው።

ምን ይደረግ?

«ሳይቃጠል በቅጠል» ነው ነገሩ። እኔ የሚታየኝን ልናገር።

አንደኛ፣ ምርመራው ወደ ጠዋት ይምጣ። የሰርግ ወቅት ሰኞዎች፣ የበዓል ማግስቶች፣ የታክሲ ተራዎችና የአውቶቡስ መናኸሪያዎች ይታወቃሉ። ለመጀመሪያ ጊዜ ገደቡን ያለፈ ሹፌር ሰው ሳይጭን ከተራው ይመለስ፤ ቁልፉን አስቀምጦ ቤቱ ሄዶ ይተኛ። መቅጣት ቀጥሎ ይደርሳል። ያን ቀን ጠዋት አንድ ትራፊክ ፖሊስ ተራው ላይ ቆሞ ቢሆን ኖሮ ጓደኛዬ የአንድ ቀን ገቢ ከስሮ ይበሳጭ ነበር። ያቺ እናትም ዛሬ ትጠርግ ነበር።

ሁለተኛ፣ የሚነፋ ሰው መብቱን ይወቅ። ቁጥሩን ራሱ ይይ፣ ይጻፍለት፤ መሣሪያው መቼ እንደተፈተሸ የሚገልጽ ወረቀት ይኑር፤ ሲጠራጠር የደም ምርመራ መጠየቅ ይቻል። አምስት ዓመትና አሥራ አምስት ዓመት የሚወስን ቁጥር በአንድ ሰው ቃል ብቻ ማደር የለበትም። ይህ ለሰካራም መሟገት አይደለም፤ ጉቦ የሚገባበትን ቀዳዳ መድፈን ነው። ቁጥር በአየር ላይ ሲቀር ዋጋ ይወጣለታል።

ሦስተኛ፣ ባለንብረቶች። የቀን ገቢ እንደ ግብር ቆጥራችሁ «ታመምኩ» ያለውን ሹፌር የምታባርሩ፣ ሕጉ እናንተንም እንደሚይዝ እወቁ። «ዛሬ ደህና አይደለሁም» ያለ ሹፌር ለእናንተ ኪሳራ አይደለም፤ ከኪሳራ ያዳናችሁ ሰው ነው።

አራተኛ፣ ፍርድ ቤቶችና ሕግ አውጪዎች። ሌሊት መጠጥ ቤት በር ላይ መኪናውን አስነስቶ የሚወጣውና ተኝቶ ተነሥቶ የተሳሳተው አንድ ዓይነት ሰዎች ናቸው ወይ? እኔ አይደሉም እላለሁ። ሟች ግን ለሁለቱም አንድ ናት። ስለዚህ ልዩነቱ በየችሎቱ አጋጣሚ ላይ ከሚወድቅ ሕጉ በግልጽ ቢያስቀምጠው ይሻላል። ሕዝቡ ሳያውቀው ነጋሪት ጋዜጣ ላይ የተኛ ሕግ ከሰው ጀርባ እንደተቀመጠ ወጥመድ ነው።

አምስተኛ፣ እኛ። ይኼ የመንግሥት ሥራ አይደለም። ሰርግ ላይ «ጨምርለት!» የምንል፣ ያልጠጣውን «ሴት ሆነ እንዴ!» ብለን የምናሾፍ እኛ ነን። በማግስቱ ሥራ ያለውን ሰው እናውቀዋለን። ብርጭቆውን እንድንቀንስለት ሕግ አያስፈልግም። ሰው ልትቀሰቅሱ ስትደውሉም «ዞሮብኛል» ካላችሁ «ተኛ!» በሉት። ቀላል ቃል ናት። እኔ ግን አላልኳትም።

ለራሳችሁ ደግሞ ሒሳቡን በቃላችሁ ያዙ። ለጥንቃቄ ለአንድ ቢራ ወይም ለአንዲት መለኪያ ሁለት ሰዓት ቁጠሩ። ስድስት ከጠጣችሁ መጠጣት ከጀመራችሁበት ሰዓት አንሥቶ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። አሥር ከጠጣችሁ በማግስቱ መኪና የላችሁም ብላችሁ እደሩ። ታክሲ ተሳፈሩ፣ በስልክ ጥሩ፣ በእግራችሁ ሂዱ። አለቃችሁ ቢቆጣ ይቆጣ። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

በወር አንዴ ማረሚያ ቤት ሄጄ እጠይቀዋለሁ። ከስቷል፣ ጸጉሩ መሸበት ጀምሯል። ስለ ኳስ እናወራለን፣ ስለ ሰፈር እናወራለን። ባለፈው ስሄድ ግን ዝም ብሎ ቆይቶ «ልጅቷ 12ኛ ክፍል ደረሰች አይደል?» አለኝ። አዎ አልኩት። «ከወጣሁ የምሠራውን ለሷ ነው የምሰጠው» አለ። ቀጥሎም «አንተ ግን ጻፈው። ስሜን አትጥራ እንጂ ጻፈው። እኔ የማውቅ መስሎኝ ነበር፤ ሁሉም የሚያውቅ ይመስለዋል» አለኝ።

ጻፍኩት።

ቸር ይግጠመን።